«አንድም ሰው አልሞተበትም» ሲባል ስንቱ ተቆጥሮ ነው?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «መሥሪያ ቤታችን የአመራር ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ኧርነስት ሻክልተን ስለሚባል የደቡብ ዋልታ አሳሽ ነገሩን። መርከቡ በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጥማ፣ ሰዎቹን ሁለት ዓመት ገደማ እዚያ ብርድ ውስጥ ጠብቆ፣ አንድም ሰው ሳይሞትበት አገራቸው አስገባቸው አሉን። እውነት ነው? አመራር ነው ወይስ ዕድል? እኔ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው የማሠራ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከዚህ ሰው የምወስደው ነገር ካለ ንገሩኝ።»

መጀመሪያ የት ቆሜ እንደምናገር ልንገርዎ። ለብዙ ዓመታት በዕቃ ጫኝ መርከቦች ላይ የአሰሳ መኮንን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ወጣት መርከበኞችን የባሕር አሰሳ አስተምራለሁ። ይህን ታሪክ የያዝኩት ከአመራር ሥልጠና አይደለም። የሻክልተን መርከብ የነበረችው የኢንዱራንስ ካፒቴን ፍራንክ ዎርስሊ በማዕበል መሐል የሠራውን ስሌት ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ነው እየጠለቅኩ የገባሁበት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አሠልጣኙ የነገሯችሁ ግማሹ እውነት ነው። በኢንዱራንስ የሄዱት 28 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጥተዋል። ጉዞው ግን የሁለት መርከብ ጉዞ ነበር። በአህጉሩ ማዶ፣ በሮስ ባሕር በኩል፣ ለዚሁ ለሻክልተን ስንቅ እንዲያስቀምጡለት ከተላኩት መካከል ሦስት ሰዎች ሞተዋል። እነዚህን ሦስት ሰዎች ሳልቆጥር ስለ ሻክልተን አመራር መናገር አልችልም።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። ሻክልተን በጥር 1909 ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ስንቁ ደርሶ ለመመለስ እንደማይበቃ አይቶ ፊቱን አዞረ። ለሚስቱ «ከሞተ አንበሳ በሕይወት ያለ አህያ ይሻላል» እንዳላት ይታወቃል፤ የእኛ መጽሐፈ መክብብ በአህያው ፈንታ ውሻ ይላል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በ1911 ኖርዌያዊው አሙንድሰን ዋልታው ላይ ቀድሞ ደረሰ። ለሻክልተን የቀረው ሕልም አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ሆነ፤ ከዌደል ባሕር ተነሥቶ በዋልታው በኩል አልፎ ሮስ ባሕር መውጣት፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል። ይህን ሁሉ መንገድ የሚያደርስ ስንቅ በተንሸራታች ጋሪ መጎተት ስለማይቻል፣ ሁለተኛው ቡድን ከሮስ ባሕር በኩል ወደ መሐል እየገባ ስንቅ ይቀብርለታል።

አሁን ስህተቶቹን ልናገር፤ በሥልጠና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላሉ። ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ላይ የነበሩት ኖርዌያውያን ዓሣ ነባሪ አዳኞች በዚያ ዓመት የዌደል ባሕር በረዶ ከወትሮው የከፋ መሆኑን ነግረውታል። አንድ ወር ጠብቆ ታኅሣሥ 5 ቀን 1914 ወጣ። ጥር 15 ቀን 1915 ለመውረድ የሚመች ቦታ አግኝቶ ነበር፤ ወደ ደቡብ ትንሽ ልቅረብ ብሎ አለፈው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሊወርድበት ካሰበው የባሕር ወሽመጥ የአንድ ቀን መንገድ ሲቀረው፣ በረዶው መርከቧን ነክሶ ያዛት። ውሾች ይዞ መጥቷል፣ የሆድ ትል መድኃኒት ግን አልያዘም፤ በርካቶቹ በትል ሞቱ። በበረዶ ላይ በስኪ መሄድ የሚያውቁት ሰዎቹም ጥቂት ነበሩ። ይህን የምዘረዝረው ሰውየውን ላሳንሰው አይደለም። ከገደል የወጣበትን ስናደንቅ ገደሉ ጋ ያደረሰውም ራሱ መሆኑን እንድንይዝ ነው። ደግሞ «ለአደገኛ ጉዞ ሰዎች ይፈለጋሉ፤ ደመወዙ ትንሽ» የሚለውን የጋዜጣ ማስታወቂያ አሳይተዋችሁ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ፈልጎት የታተመበት ጋዜጣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለሌላ ሰው ባያስተላልፉት ይሻላል።

ወደ በረዶው እንመለስ። መርከቧ ከበረዶው ጋር አብራ እየተንሳፈፈች ዘጠኝ ወር ቆየች። በመጨረሻ ሳንቃዎቿ እየተሰነጠቁ መጮኽ ጀመሩ፤ ጥቅምት 27 ቀን 1915 ሰዎቹ ለቀቋት፣ ኅዳር 21 ሰጠመች። (በመጋቢት 2022 በ3,008 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝታለች፤ ስሟ ከኋላዋ ላይ እንደተጻፈ ይነበባል።) ለእኔ የሻክልተን ትልቁ ሥራ በዚህች ሰዓት የሠራው ነው። የዓመታት ዕቅዱ፣ የለመነው ገንዘብ፣ ስሙ፣ ሁሉም እፊቱ ሲሰባበር፣ መርከቡና ዕቃው ሄዷል፣ እንግዲህ ወደ አገራችን እንገባለን አላቸው። አህጉር የማቋረጡን ነገር ዳግም አላነሣውም። ያን ሕልም በአንድ ቀን መቅበር ለእንደሱ ዓይነት ሰው ቀላል አልነበረም።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ከግል ዕቃው አንድ ኪሎ የማይሞላ ብቻ እንዲይዝ አዘዘ። ትእዛዙን ግን መጀመሪያ ራሱ ፈጸመው፤ የወርቅ ሳንቲሞቹንና የወርቅ ሲጋራ መያዣውን ከኪሱ አውጥቶ በረዶው ላይ ጣላቸው። ንግሥቲቱ ለመርከቧ የሰጠችውን መጽሐፍ ቅዱስም እዚያው አኖረው፤ የፈረመችበትን ቅጠል፣ መዝሙር 23ን፣ ከመጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ «በረዶስ ከማን ማኅፀን ወጣ?» የሚለው ያለበትን ገጽ ቀዶ ብቻ ያዘ። ማክሊዮድ የሚባል ሽማግሌ መርከበኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጥሎ መሄድ መዓት ያመጣል ብሎ ፈርቶ በስውር አነሣው፤ በዚህም መጽሐፉ ተረፈ። ለክብደት ሲባል ወርቅ በተጣለበት ቀን ሻክልተን የአየር ጠባይ ባለሙያው የሐሴ ባንጆ ይያዝ አለ። አምስት ኪሎ የሚሆን የሙዚቃ መሣሪያ! ለአእምሮ መድኃኒት ነው ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ በነበረው ወር ላይ ወር ሁሉ ባንጆው ሲመታ ይሰማ ነበር።

የመኝታ ከረጢቶቹንም ነገር ልብ ይበሉ። ለሁሉም የሚበቃ የአጋዘን ቆዳ ከረጢት አልነበረም፤ ለቀሩት የሱፍ ብቻ ነው ያለው፣ ሱፉ ደግሞ ብርዱን አይመክትም። ዕጣ ተጣለ። ለሻክልተንና ከመኮንኖቹ ለበርካቶቹ የሱፉ «ደረሳቸው»፣ የቆዳው ለተራዎቹ መርከበኞች ወጣ። መርከበኞቹ ዕጣው ሆን ተብሎ እንደተዘጋጀ ገብቷቸዋል፤ በማስታወሻቸውም ጽፈውታል። በመርከብ ላይ የኖረ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ምግብ፣ መኝታና ተራ፣ መርከብ ላይ ጠብ የሚነሣው በእነዚህ ሦስት ነው።

ሰዎቹንም የሚያስቀምጠው እያሰበ ነበር። ፎቶ አንሺው ኸርሊ መከበር የሚወድና ካልተጠየቀ የሚያኮርፍ ስለነበር በራሱ ድንኳን አስገባው፣ እየጠራም ያማክረው ነበር። ተስፋ መቁረጥን የሚያዛምቱትን ራቅ አያደርግም፣ ከጎኑ ነበር የሚያኖራቸው። በጀልባ ላይ አንድ ሰው በብርድ መድከሙን ሲያይ ለሁሉም ትኩስ ወተት ይፈላ ይል ነበር፤ ሰውየው ለእኔ ተብሎ ነው ብሎ እንዳያፍር፣ ሌሎቹም እንዳይሰጉ። ዎርስሊ የጻፈው ይህንን ነው፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህንኑ ነው።

ከአናጺው ከሃሪ ማክኒሽ ጋር የሆነው ግን ሌላ ነው። ታኅሣሥ 1915 መጨረሻ ላይ ሻክልተን ጀልባዎቹን በበረዶ ላይ እየጎተቱ ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ አዘዘ። በሳምንት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጓዙ፤ በረዶው ተራራና ሸለቆ ነው፣ ጀልባዎቹ እየተጎዱ ነው። ማክኒሽ አልጎትትም አለ። መርከብ ሲሰጥም የቅጥር ውሉ ያበቃል፣ ስለዚህ የመታዘዝ ግዴታ የለብኝም ነው ክርክሩ፤ በዚያ ዘመን የባሕር ሕግ ባዶ ክርክር አልነበረም። ሻክልተን ሁሉንም ሰብስቦ የፈረሙትን ውል አነበበላቸው፤ ደመወዛቸውም እስኪገቡ ድረስ እንደሚታሰብ ነገራቸው። አመፁ በረደ። ነገር ግን ከሁለት ቀን በኋላ ጉተታው ቆመ፤ ስለ መንገዱ አናጺው ልክ ነበር። ከዚያ በሰፈሩበት ቦታ፣ ስሙን የትዕግሥት ሰፈር ብለው፣ ሦስት ወር ተኩል ተቀምጠው በረዶው እስኪከፈት ጠበቁ። ይህ መጠበቅ ኋላ ከምነግርዎ ሌላ ነገር ጋር ይገናኛል።

በእነዚያ ወራት ሁሉ የጠበቃቸው ሌላው ነገር ትኩስ ሥጋ ነው። አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳና ፔንግዊን እያደኑ ይበሉ ነበር። ሰውነታችን ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ካላገኘ በወራት ውስጥ ስከርቪ ይይዘዋል፣ ድድ ያብጣል፣ እግር ይጠቁራል፣ የቆየ ቁስል ይከፈታል። ትኩስ ሥጋ፣ በተለይ ብዙ ያልበሰለ እንደሆነ፣ ይህን ቫይታሚን ይዟል። በዚያ ጊዜ የቫይታሚኑን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ትኩስ ሥጋ እንደሚያድን ግን ከልምድ ይታወቅ ነበር። በኢንዱራንስ ሰዎች ላይ ስከርቪ አልታየም።

ሚያዝያ 9 ቀን 1916 በረዶው ተከፈተና ሦስት ጀልባዎች ወደ ባሕር ገቡ። ከስድስት ቀን በኋላ ኤለፋንት ደሴት ላይ ወረዱ፤ ለ497 ቀናት የብስ ረግጠው አያውቁም ነበር። ደሴቷ ግን ሰው የማይኖርባት፣ መርከብ የማያልፍባት ናት። ሻክልተን ሃያ አንዱን ለምክትሉ ለፍራንክ ዋይልድ አስረክቦ፣ አምስት ሰው መርጦ፣ ጄምስ ኬርድ በተባለችው ጀልባ ወደ ሳውዝ ጆርጂያ ለመሻገር ወሰነ። 800 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1,480 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በዓለም ላይ እጅግ ኃይለኛ በሆነው ባሕር ላይ፣ ሰባት ሜትር በማትሞላ ጀልባ። የወሰዳቸውን ሰዎች ይመልከቱ፤ ከመካከላቸው ያው አመፀኛው ማክኒሽ አለ። ጀልባዋን ከፍ ያደረጋት፣ በሣጥን ክዳንና በጋሪ እንጨት ላይ ሸራ ወጥሮ የሸፈናት፣ ስንጥቋን በሠዓሊው ቀለምና በአቆስጣ ደም የደፈነው እሱ ነው። ያ ሽፋን ባይኖር ጀልባዋ ውሃ ሞልቷት ትሰጥም ነበር።

እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ። በባሕር መሐል ያለህበትን ቦታ ለማወቅ የፀሐይን ከፍታ ከአድማሱ ላይ በሴክስታንት ትለካለህ፣ የለካህበትን ቅጽበት ደግሞ በክሮኖሜትር ትይዛለህ። በከፍታው ላይ የአንድ ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ) ስህተት ቦታህን በ1,852 ሜትር ያዛባዋል። በሰዓቱ ላይ የአራት ሴኮንድ ስህተት በዚያ ኬክሮስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይወስድሃል። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ የማትንቀሳቀስ በምትመስል የብረት መርከብ ብሪጅ ላይ ቆሜ፣ ጥርት ባለ ቀን የሠራሁት ልኬት ስምንት ማይል ስቶ ነበር።

ዎርስሊ ደግሞ ምን ነበረው? ከእንግሊዝ ሲነሡ ከያዟቸው 24 ክሮኖሜትሮች በደህና የቀረው አንድ ነው። ፀሐይ በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ የታየችው አራት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስትታይ ዎርስሊ ጀልባዋ መቀመጫ ላይ ይንበረከካል፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውታል፤ ጀልባዋ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ስትወጣ ብቻ አድማሱ ለቅጽበት ይታያል፣ የፀሐይዋን ምስል በሴክስታንቱ ወደ አድማሱ ያወርድና «አሁን!» ብሎ ይጮኻል፣ ሻክልተን ሰዓቱን ይጽፋል። ከዚያ ሸራው ሥር ገብቶ፣ ረጥበው የተጣበቁ የሰንጠረዥ ገጾችን አንድ በአንድ እያላቀቀ፣ በብርድ በደነዘዘ ጣት በእርሳስ ያሰላል። ያሉበትን ቦታ በአሥር ማይል ውስጥ እንኳ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል ለሻክልተን ነገረው። ውሳኔው በዚህ ላይ ቆመ። የዓሣ ነባሪ ጣቢያዎቹ ያሉት በደሴቷ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ ነፋሱ ሁልጊዜ ከምዕራብ ይነፍሳል። ወደ ጣቢያዎቹ አቅጣጫ ይዘው ትንሽ ቢስቱ ነፋሱ ወደ ሰፊው አትላንቲክ ይዟቸው ይሄዳል፣ መመለስም የለም። ስለዚህ ሰው ወደማይኖርበት ወደ ደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ አመሩ። አስተማማኝ ያልሆነ ስሌት ይዘህ ስህተቱ ወደማይገድልህ በኩል መምራት ነው ይህ። ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለኝም።

መንገዱ ላይ በረዶ ጀልባዋን ለብሷት ልትገለበጥ ስትል እየተሳቡ ወጥተው በመጥረቢያ ፈለጡት። መቅዘፊያና የመኝታ ከረጢት ጣሉ። ከመጠጥ በርሜሎቹ አንዱ የባሕር ውሃ ገብቶበት ስለነበር መጨረሻው ላይ ጥሙ ከብርዱ ባሰ። ግንቦት 8 ቀን 1916 ጥቁር ገደል በጉም ውስጥ ታያቸው። ሳውዝ ጆርጂያ ነበረች። ይህን ቀን ይያዙልኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ከሁሉ በላይ የሚወራው እሱ ስለሆነ። ግንቦት 10 ወረዱ። ሻክልተን፣ ዎርስሊና ቶም ክሪን በደሴቷ ተራሮች ላይ 36 ሰዓት ያለ ዕረፍት ተጉዘው፣ ጫማቸው ላይ የጀልባ ብሎን ተክለው፣ በገመድና በአናጺ መሣሪያ ተደግፈው፣ ግንቦት 20 ስትሮምነስ ጣቢያ ደረሱ። ኤለፋንት ደሴት ላይ የቀሩትን ለማንሣት ሦስት መርከብ ሞክሮ በረዶው መለሰው። በአራተኛው፣ ሉዊስ ፓርዶ በሚመራት የልቾ በተባለች የቺሊ መንግሥት መርከብ፣ ነሐሴ 30 ቀን ደረሰ። 22ቱም ቆመው ጠበቁት።

ለዚህ የፍራንክ ዋይልድን ስም ሳይጠሩ ሻክልተንን ማመስገን ተገቢ አይመስለኝም። ዋይልድ 128 ቀን ሁለት የተገለበጡ ጀልባዎች ሥር፣ በስብ ጢስ በጠቆረ ዋሻ ውስጥ፣ ሃያ አንድ ሰው ይዞ ኖረ። ሐኪሞቹ የወጣቱን የብላክቦሮውን የእግር ጣቶች በክሎሮፎርም አደንዝዘው የቆረጡት እዚያው ነው። ባሕሩ በተከፈተ ቁጥር ዋይልድ ጠዋት ተነሥቶ «ዕቃችሁን ጠቅልሉ፣ አለቃው ዛሬ ሊመጣ ይችላል» ይል ነበር። ለክረምት ብዙ ሥጋ እናከማች ያሉትን እንቢ ማለቱ ግን እኔን ያሠጋኛል፤ የተስፋ መቁረጥ ምልክት ይሆናል ብሎ ነው። ተስፋን በባዶ ጎተራ መጠበቅ አደገኛ ነው። የልቾ አንድ ወር ብትዘገይ ስለ ዋይልድ የምንጽፈው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ዕድሉን ከጠየቁኝ፣ አንዱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ አህጉሩ ማዶ። የሮስ ባሕሩ ቡድን መሪ ኤኒያስ ማኪንቶሽ ነበር። ሻክልተን የላከው በቂ ገንዘብ ሳይሰጠው፣ መርከቧ አውሮራ ጥገና ሳታገኝ ነው። አውስትራሊያ ሲደርሱ ማኪንቶሽ ገንዘብ ለማግኘት ደጅ መጥናት ነበረበት። አንታርክቲካ ከደረሱ በኋላ በግንቦት 1915 ዐውሎ ነፋስ አውሮራን ከመልሕቋ ነቅሎ ወሰዳት፤ አሥር ሰዎች አብዛኛው ልብሳቸውና ስንቃቸው መርከቧ ላይ እንዳለ የብስ ላይ ቀሩ። ቀድሞ የመጣው እንግሊዛዊ አሳሽ ካፒቴን ስኮት ትቶት ከሄደው ጎጆ ውስጥ ያገኙትን እየለቀሙ፣ ከአሮጌ ድንኳን ሸራ ሱሪ ሰፍተው፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሻክልተን ከማዶ እየመጣ ነው ብለው አምነዋል። ስንቅ ካላገኘ ይሞታል።

ጥር 1916 መጨረሻ ላይ የመጨረሻውን ስንቅ ተራራ ሥር አኖሩ። ኢንዱራንስ ከሰጠመች ሁለት ወር አልፏታል። የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ሲመለሱ ስከርቪው ያዛቸው፤ ጉዞ ላይ የሚበሉት ደረቅ ስንቅ እንጂ ትኩስ ሥጋ አልነበረም። አርኖልድ ስፔንሰር-ስሚዝ የሚባለው ቄስና ፎቶ አንሺ መራመድ አቃተው፤ ጓደኞቹ ራሳቸው እግራቸው እየጠቆረ ጋሪ ላይ አስተኝተው 40 ቀን ያህል ጎተቱት። ማኪንቶሽም ወደቀ። መጋቢት 9 ቀን ስፔንሰር-ስሚዝ ሞተ፤ ትኩስ ሥጋ ያለበት ጎጆ የሁለት ቀን መንገድ ሲቀር። የቀሩት ጎጆው ደርሰው የአቆስጣ ሥጋ ሲበሉ በሳምንታት ውስጥ አገገሙ። በዚያ ጎጆና በዋናው ሰፈር መካከል ያለው መንገድ በባሕር በረዶ ላይ የሚታለፍ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረዶው ደግሞ ገና ስስ ነው። ማኪንቶሽ መቀመጥ ሰለቸው። ሦስቱ ለመኑት፤ አልሰማቸውም። ቪክተር ኸይዋርድን ይዞ ወጣ። ወዲያው ዐውሎ ነፋስ መጣ፤ በኋላ ዱካቸውን የተከተሉት ሰዎች ዱካው የተሰበረው በረዶ ጠርዝ ላይ ሲቋረጥ አገኙት። ቀኑ ግንቦት 8 ቀን 1916 ነበር።

በዚያው ዕለት ሻክልተን ሳውዝ ጆርጂያን እያየ ነበር። ጎጆው ውስጥ የቀሩት ጆይስ፣ ሪቻርድስና ኧርነስት ዋይልድ (የፍራንክ ዋይልድ ታናሽ ወንድም) በረዶው እስኪጠነክር እስከ ሐምሌ 15 ጠብቀው በሰላም ተሻገሩ።

ጠያቂዬ፣ እንግዲህ ወደ እርስዎ አሥራ አንድ ሰዎች ልምጣ። «አመራር ወይስ ዕድል» ላሉት፣ ሁለቱም አለ፤ በረዶው መቼ እንደሚከፈት፣ አራት ቀን ፀሐይ መውጣቷ፣ የልቾ መንገድ ማግኘቷ ዕድል ነው። ኢንዱራንስ ላይ የነበረው አመራር ደግሞ እውነተኛ ነበር፤ ግን ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ ነው የሠራው። ማን እንዳኮረፈ፣ ማን እንደበረደው ያያል፣ ያየውን ደግሞ ሳይናገር ያስተካክለዋል። ማየት ወደማይችልበት ቦታ የላካቸውን ሰዎች ግን ባልተሟላ ዕቃ ነበር የላካቸው። ስለዚህ እርስዎ እኔን ከጠየቁኝ፣ ፋብሪካዎ ውስጥ መጀመሪያ የማስበው አጠገብዎ ስለሚሠሩት አይደለም። እርስዎ ቤትዎ ተኝተው ሌሊት ማሽኑ ጋ የሚቆመው ሠራተኛ አለ፤ ጓንቱ የተቀደደ እንደሆነ፣ መብራቱ ያላበራ እንደሆነ ማን ይነግርዎታል? ነግሮዎት ያውቃል? ሲነግርዎስ ምን አሉት? ማኪንቶሽ በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ነበር የሄደው።

ሌላም አለ። እንቢ ያለዎትን ሠራተኛ ከሥራው ለይተው ይዩት። ሻክልተን ማክኒሽን ወደ ጀልባዋ በመውሰዱ አድንቄዋለሁ። ከተመለሱ በኋላ ግን የዋልታ ሜዳሊያ ለማን ይሰጥ ሲባል ማክኒሽንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን ከለከለ። ያቺን ጀልባ የሠራውን እጅ! ከባልደረቦቹም ይህ ፍርድ ልክ አይደለም ያሉ ነበሩ። ማክኒሽ በ1930 ዌሊንግተን ውስጥ በድህነት ሞተ፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

የሮስ ባሕሩን ሰዎች ለማንሣት መርከብ ሲዘጋጅ፣ መንግሥታቱ ጉዞውን ሻክልተን እንዲመራ አልፈቀዱም፤ ሌላ ካፒቴን፣ ጆን ኪንግ ዴቪስ፣ አውሮራን ይዞ ሻክልተን ተሳፋሪ ሆኖ ሄደ። ጥር 10 ቀን 1917 በረዶው ዳር ደረሱ። ከሩቅ የጠቆሩ፣ ጸጉራቸው የረዘመ ሰዎች ሲመጡ ታዩ። ሻክልተን ከሁለት ሰዎች ጋር በረዶው ላይ ወርዶ ወደ እነሱ ሄደና ስንት ቀርታችኋል ብሎ ጠየቀ፤ ሰባት አሉት። ከዴቪስ ጋር አስቀድመው የተስማሙበት ምልክት ነበራቸው፤ የሞተ ሰው ካለ በረዶው ላይ በመጋደም ቁጥሩን ለመርከቧ እንዲያሳዩ። ሻክልተንና ሁለቱ ባልደረቦቹ በረዶው ላይ ተጋደሙ፤ ሦስት ሰው።